ጋሽ ኩማና ነጩ ጽጌረዳ

ሐዋሳ ውስጥ ከሚያብበው ጽጌረዳ ሲሶውን የተከለው ጋሽ ኩማ ነው። ሁለተኛውን ሲሶ የተከሉት ደግሞ ከእሱ ቅርንጫፍ የሰረቁ ሰዎች ናቸው። የቀረው እንዲሁ የበቀለ ነው፤ እሱንም ቢሆን ጋሽ ኩማ ብስክሌቱን አቁሞ ሳይገርዘው አያልፍም። የማን አጥር ነው ብሎ አይጠይቅም። አንድ ቀን መሃል ከተማ፣ አንድ ትልቅ ሕንፃ ደጃፍ መቀሱን አውጥቶ ሲቆርጥ ጥበቃው ደረሰበት።

"ማን ፈቀደልህ?"

"እሱ ራሱ ነው የጠራኝ" አለ ጋሽ ኩማ፣ ቁጥቋጦውን በአገጩ እያሳየ።

ጥበቃው ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ የተቆረጠውን እየተቀበለ ሲረዳው ዋለ።

ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሃያ ሰባቱን ዓመት ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል አትክልተኛ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ወጣ። ሰው ሲያናግረው በአማርኛ ይመልሳል፣ ጽጌረዳን ግን በሲዳምኛ ነው የሚያናግረው። ለምን ሲባል፣ "በአማርኛ ስቆጣት ትስቅብኛለች" ይላል።

የሚኖረው አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር፣ እትዬ ጸሐይወርቅ ግቢ ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት ነው። እትዬ ጸሐይወርቅ በጨርቅ ንግድ የኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት "ግቢዬን ያዝልኝ፣ ክፍሏን ያዝ" አሉት። ያዘ። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ፣ ምስክር የለ። ውሉ አፈሩ ነው፤ አፈሩ እስካለ ክፍሏም አለች።

ግቢው ታዲያ ግቢ እንዳይመስላችሁ። በሩ ላይ ሮዝ ቀለም ያለው፣ ቆርቆሮውን ተሳፍሮ ጣራ የወጣ ጽጌረዳ አለ፤ የገባን ሰው ሁሉ ነጠላውን ይዞ ካላስቀረ ደስ አይለውም። መሃል ላይ ጉልበት የሚደርሱ ቀያዮች ቆመዋል፤ አበባቸው የሕፃን ጭንቅላት ያህላል። በመተላለፊያው ግራና ቀኝ ከስንዝር የማይበልጡ ድንኮች ተደርድረዋል። እትዬ ጸሐይወርቅ መስኮት ሥር ደግሞ መልክ የሌለው፣ ቅጠሉ የተኮማተረ፣ ሰው ሁሉ "ያበሻ" እያለ የሚያልፈው አለ። እሱ ሲያብብ ሽታው ሦስት ቤት አልፎ የተጣሉ ጎረቤቶችን ያስታርቃል።

ጋሽ ኩማ ሲተክል ሥርዓት አለው። የሚሸተውን ሰው የሚቀመጥበት፣ እሾሃሙን ሌባ የሚዘልበት፣ ቶሎ የማይረግፈውን ከበር ሲገባ ዓይን የሚያርፍበት ያደርጋል። ይህን ሳይጠይቁት ይነግራል፤ ሲጠይቁትማ ምሳ ሰዓት ያልፋል።

ነገሩ የተበላሸው ኅዳር ላይ ነው። የእትዬ ጸሐይወርቅ ልጅ ኤልናታን፣ ፒያሳ የሞባይል ሱቅ ያለው፣ ጥር ላይ ሊያገባ ሆነ። የቅልቅሉ ድግስ በእናቱ ግቢ ይደረጋል ተባለ። ልጁ መጣና እጁን ኪሱ ከትቶ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረው።

"ጋሽ ኩማ፣ አፈር እኮ ጊዜው አልፏል።"

"አፈር ነው ጊዜው ያለፈው?"

"ሰው ሁሉ ታይል እያነጠፈ ነው። በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ፣ ማታ ትንኝ። ሙሽራ ደግሞ በተረከዝ ጫማ አፈር ላይ አትሄድም።"

"አንተ ልጅ" አሉ እትዬ ጸሐይወርቅ ከበረንዳው፣ "እዚህ አፈር ላይ ነው በዳዴ የሄድከው!"

"እሱማ እማዬ፣ አፈሩንም እበላ ነበር። አሁን ትቻለሁ።"

ከዚያ ወደ ጀርባ ዞሮ ሰርቪሷን አየ። "እሷ ብትፈርስ ደግሞ ሁለት መኪና ይቆማል" አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው። ጋሽ ኩማ መቀሱን ዘጋው፤ ከፈተው፤ ደግሞ ዘጋው።

ግቢውን ያዳነችው ሙሽራዋ ናት፤ ወይም ያዳነችው መስሎን ነበር። ወንጌላዊት ትባላለች፤ ትሑት ልጅ ናት፣ ክፋት የለባትም። ስልኳን አወጣችና ከወዴት እንዳገኘችው የማይታወቅ የአትክልት ቦታ ሥዕል አሳየችው። ከዳር እስከ ዳር ነጭ ጽጌረዳ።

"ጋሼ፣ እንደዚህ ማድረግ ይችላሉ? ለቅልቅሉ ፎቶ እንነሳበት ነበር።"

ኤልናታን ወዲያው ፈረደ። "በቃ! ለጥር እንደዚህ ካበበ ግቢው እንዳለ ይቆያል፣ ሰርቪሷም አትፈርስም። ካላበበ በሳምንቱ ታይል።"

ጋሽ ኩማ ነጭን አይጠላም፤ ነጭ ብቻውን ሲሆን ነው የማይወደው። ግቢውን የሆስፒታል ልብስ ማስጫ ያስመስለዋል ይላል። ቢሆንም "ይቻላል" አለ። እዚያች ቃል ላይ ነው የተሳሳተው፤ ሌላው ሁሉ ከእሷ የመጣ ነው።

የራሱ ነጭ ተክል ዘጠኝ ብቻ ነበር። ኤልናታን ግን ሰው ያውቃል፤ ከአንድ የአበባ እርሻ አርጅተው የተነቀሉ አርባ ነጭ ጽጌረዳዎች በአይሱዙ አስጭኖ አመጣ። ጋሽ ኩማ አንዱን አንስቶ ሥሩን አገላበጠ፣ ግንዱን በጥፍሩ ጫረ።

"እነዚህ ፕላስቲክ ቤት ያደጉ ናቸው፣ ልጄ። መድኃኒታቸውን እየተረጩ፣ ምግባቸውን በቧንቧ እየጠጡ። ነፋስ አያውቁም። የሐይቁ ነፋስ ሲመታቸው ይታመማሉ።"

"ፎቶ እስክንነሳ ይቁሙልን እንጂ ጋሽ ኩማ፣ ጡረታ እስኪወጡ ማን አለ!"

ቀያዮቹን ነቅሎ ነጮቹን ተከለ። ቀያዮቹን ሲነቅል በሲዳምኛ ምን እንዳላቸው ማንም አልሰማም፤ ግን ረጅም ጊዜ ፈጀ። ከዚያ ነጮቹን ገረዛቸውና ቀኑን ቆጠረ። የተገረዘ ጽጌረዳ በአርባ አምስት ቀን ግድም ያብባል፤ ቅልቅሉ አርባ ስድስተኛው ቀን ላይ ነው። ሒሳቡ ልክ ነበር። የሒሳቡን ትምህርት ያልተማሩት ተክሎቹ ናቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሉ ተጠቀለለ። በአምስተኛው ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ። ጋሽ ኩማ በሳሙና ውሃ አጠባቸው፣ አመድ አለበሳቸው፣ ለመናቸው፣ ሰደባቸው። ከአርባው ተክል አሥራ አንድ እምቡጥ ወጣ። የቀረው ነጭ በሽታው ነው። ከሩቅ ለሚያይ ሰውማ ግቢው ቃሉን ጠብቋል፤ ድብን አድርጎ ነጭ ሆኗል።

አሁን ስለ ዓሣው ልንገራችሁ። ጋሽ ኩማ ጽጌረዳን የሚመግበው ከሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ በሚያመጣው የዓሣ ጭንቅላትና ሆድ ዕቃ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ያውቁታል፣ በጆንያ ያስቀምጡለታል። አቀባበሩም ሕግ አለው። ጉድጓዱ ክንድን እስከ ብብት ያስገባል፤ ዓሣው ከተጣለ በኋላ አመድ ይነሰነስበታል፤ ላዩ ላይ እሾህ ይነጠፋል፤ ከዚያ አፈር ይመለስና አንድ ወር ማንም አይነካውም። ሃያ ሰባት ዓመት ሆቴል ሲሠራ አንድ ቀን አልጣሰውም። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስተምረው ይህን ነበር።

ቅልቅሉ አራት ቀን ሲቀረው ሁለት ጆንያ በብስክሌት አመጣ። ብብት ድረስ ቢቆፍር ሥሩን ሊቆርጥ ሆነ። ወር ቢጠብቅ ወር የለም። በስንዝር በስንዝር ጫር ጫር አድርጎ በየተክሉ ሥር ቀበረው፣ አመዱንም እሾሁንም ተወው፣ አፈር መለሰ፣ ውሃ አጠጣ። በአራት ቀን ምንም እንደማይፈይድ ያውቃል። ግን እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ ይሻላል ብሎ ነው፤ ሐኪም ሳይቀር ተስፋ ለተቆረጠበት በሽተኛ ግሉኮስ ይሰቅላል።

በቅልቅሉ ጠዋት ድንኳኑ ተተክሎ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ ወንበሩ ተደርድሮ ሳለ አባ ኮዳዎቹ መጡ። ሐይቃችን ዳር የሚውሉትን እነዚያን ወፎች ታውቋቸዋላችሁ፤ ራሰ በራ፣ ጥቁር ኮት የደረቡ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሚሄዱ የሚመስሉ። ሰባት ነበሩ። ሰፈሩ ዛሬ ሠላሳ ይላል፤ እኔም ከሰፈሩ አልጣላም። አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ አረፉ፣ ለጥቂት ጊዜ እንደ ተጋባዥ ግራ ቀኙን አዩ፣ ከዚያ ወርደው ሥራ ጀመሩ። መንቁራቸው የጋሽ ኩማን ዶማ ያስንቃል። አንድ ተክል፣ አንድ ጭንቅላት። ሌላ ተክል፣ ሌላ ጭንቅላት። ጋሽ ኩማ በመጥረጊያ ቢሮጥባቸው አንዱ ዘወር ይልና ሌላው ይተካል። ትልቁ ወፍ የአምባዛ ጭንቅላት ነክሶ በድንኳኑ መሃል ተራመደና የሙሽሮቹ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ዋጠው።

ሲሄዱ ሥሩ ወደ ሰማይ ያልተገለበጠ ነጭ ጽጌረዳ አልነበረም። ሽታው ግን አልሄደም።

ኤልናታን በሱፉ ላይ ፎጣ ደርቦ ወጣ። ግቢውን አየ። "ምን ነክቷቸው ነው እነዚህ ወፎች?"

"ወፍ ነው ልጄ" አሉ እትዬ ጸሐይወርቅ ቶሎ ብለው። "ሐይቅ ዳር እየኖርን ወፍ መጣብን ብለን እንከሳለን? ወፍ የሚያደርገውን ማን ያውቃል።" ይህን ሲሉ ጋሽ ኩማን በዓይናቸው ዝም በል ብለውታል። እሱም ዝም ማለት ይችል ነበር። ዓሣውን ሲቀብር ከእሳቸው በቀር ያየ ሰው አልነበረም።

"ወፎቹ አይደሉም" አለ። "የጠራኋቸው እኔ ነኝ። ዓሣ በስንዝር ቀብሬ።"

"አንተ? አንተ ጋሽ ኩማ?" ልጁ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። "ይታመማሉ ካልክ ለምን መጀመሪያውኑ አይሆንም አላልከኝም?"

"አይሆንም ብልህ ታይል ታነጥፍ ነበር።"

"አሁንስ?"

ጋሽ ኩማ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አቆመ።

ድግሱ ተደገሰ፣ ተበላ፣ ተዘፈነ። ሙሽሮቹ ድንኳኑ ላይ በተሰፋ የፕላስቲክ አበባ ፊት ፎቶ ተነሱ። ወንጌላዊት ጋሽ ኩማን አስፈልጋ አጠገቧ አቁማ አብራው ተነሳች። በፎቶው ላይ ከካሜራው ይልቅ ወደ መሬት ነው የሚያየው።

በሳምንቱ ታይሉ መጣ። ድንኮቹ፣ ያበሻው፣ በሩ ላይ የነበረው፣ ሁሉም ተነቀለ። ጋሽ ኩማ ለጎረቤት አደላቸው፤ ያልፈለገ ሰው አልነበረም፣ መትከያ አፈር የቀረለት ግን አልነበረም። ሰርቪሷ አልፈረሰችም። ኤልናታን ክፉ ልጅ አይደለም። "ክፍሉ ያንተ ነው ጋሽ ኩማ፤ ማንም አያስወጣህም። ጠዋት ጠዋት ታይሉን ብቻ በውሃ ጎማ ታጥባለህ" አለው፣ ትከሻውን ይዞ።

አጠበ። ሐዋሳ ውስጥ እንደዚያ የተወለወለ ታይል የለም፤ ፀጉር ይበጠርበታል። ከረፋዱ በኋላ ግን ምጣድ ነው። እትዬ ጸሐይወርቅ በረንዳው ላይ መቀመጥ ትተዋል፤ ከታች የሚወጣው ሙቀት ፊታቸውን ያቃጥላቸዋል። ጋሽ ኩማ መስኮታቸው ሥር፣ ያበሻው የነበረበት፣ ሲደርስ ጎማውን ይዞ ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ ያፈሳል። ውሃው ዝም ብሎ ወደ ቱቦው ይሄዳል።

በዘጠነኛው ቀን ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ፣ ብስክሌቱን እየገፋ ወደ በሩ ሄደ። እትዬ ጸሐይወርቅ በመስኮት አዩት።

"ወዴት ነው?"

"አላወቅሁም፣ እትዬ። እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? ይሄ እኮ አያድግም።"

ወደ ታይሉ አዩ። "ውሃውን ክፍት ትተኸዋል" አሉ።

እውነትም ጎማው እየፈሰሰ ነበር። ጋሽ ኩማ ብስክሌቱን አስደግፎ፣ ፌስታሉን መሬት አስቀምጦ፣ ቧንቧውን ሊዘጋ ወደ ጓሮ ሄደ። ሲመለስ ፌስታሉ በቦታው የለም። እትዬ ጸሐይወርቅ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ በሚታመም ጉልበታቸው፣ በእርጥብ ታይል ላይ እየተንሸራተቱ ፌስታሉን ሰርቪሷ ውስጥ አስገብተው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ይሰበስቡ ነበር።

"ግባና በሩን ዝጋ" አሉት። "ሙቀቱ ይገባል።"