አራተኛ ክፍል ፊልም አይገባም

መምህርት ታንጉት ያንን የጦርነት ፊልም መጀመሪያ ያየችው ደሴ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ነው። አንድ ወታደር ጓዶቹ ሁሉ ሸሽተው ብቻውን ኮረብታ ላይ ይቀራል። በአንድ እጁ ዳቦ እየገመጠ በሌላው መትረየሱን ያንጣጣዋል፤ ጠላት እንደታጨደ ማሽላ ይጋደማል። በማግስቱ ታንጉትና ጓደኞቿ ዳቦ በአፋቸው ይዘው፣ መጥረጊያ እየደገኑ ሲታኮሱ ዋሉ። ቆቦ ተመድባ አስተማሪ ከሆነች በኋላም ለአራተኛ ክፍል ልጆቿ ደጋግማ አውርታላቸዋለች።

ስለዚህ በ1979 ዓ.ም. የፊልም መኪና ያንኑ ፊልም ይዞ ከደሴ ሲመጣ አራተኛ ክፍል በጩኸት ተናጋ። ካድሬው ጓድ ካሳ ቅዳሜ ከሰዓት ተማሪ ሁሉ በቀበሌው አዳራሽ ተገኝቶ ጀግንነት ይማር ብሎ አዘዘ። ታንጉትም ደስ ብሏት ነበር።

ዓርብ የፊልም ማሳያው ሲሞከር፣ እስኪ ትዝታዬን ላድሰው ብላ ገባች። መስኮቶቹ በጆንያ ተጋርደው አዳራሹ እንደ ምድጃ ግሏል። ወታደሩ ዳቦውን ሲገምጥ ሳቀች። ከዚያ ደሴ ሳለች ያላስተዋለችው ታያት። ቁልቁለቱ ላይ የወደቁትን ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። ፊታቸውን የሚሸፍን፣ የሚያለቅስላቸው የለም፤ ሙዚቃው ብቻ ይቀጥላል። አንዱ ገና ጢም እንኳ ያላበቀለ ልጅ ነው። ጀግናው በእግሩ ገለበጠውና ኮዳውን ወሰደ።

ከተማሪዎቿ ስንቱ በ77ቱ ድርቅ አባቱን እንደቀበረ፣ የስንቱ ወንድም ለውትድርና ተወስዶ ወሬው እንደጠፋ ታንጉት ታውቃለች። ፊልሙ ሳያልቅ ወጣች።

መንገድ ላይ የተማሪዋን የሲቲን እናት ራቢዓን አገኘችና ልጆቹን እንደማትወስድ ነገረቻት።

«ወላሂ አንቺስ ጉድ ነሽ!» አለች ራቢዓ። «እነዚህ ልጆች ከዚህ የባሰ አላዩም እንዴ? ጨርቅ ላይ ሰው ቢሞት ምን ይሆናሉ?»

«ያዩትንማ አልቅሰውበታል። እዚያ ግን ያጨበጭባሉ።»

«ሲቲ እኮ በደስታ እንቅልፍ አጥታለች። ምን ብዬ ላስቀራት?»

«ታንጉት ከለከለች በያት። እኔን ትቀየም።»

ከዚያ በቀጥታ ካሳ ቢሮ ሄደች።

«ጓድ ካሳ፣ ይህ ፊልም ለልጆች አይሆንም። ትልልቆቹ ይዩት፤ የእኔ ክፍል አይገባም።»

ካሳ የምትቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። «ስታወሪላቸው የከረምሽው ራስሽ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ። ያወራሁት ያኔ የታየኝን ነው። ዛሬ ሌላ ታየኝ።»

«ነገ አገር የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ጠላት ሲወድቅ ማየት ምን ይጎዳቸዋል?»

«የነገውን ነገ ጥሯቸው። ዛሬ ገና ልጆች ናቸው።»

«ትእዛዝ ነው እኮ፣ ጓድ ታንጉት!»

«ገብቶኛል» አለችና በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

ቅዳሜ ሌላው ተማሪ ወደ አዳራሹ ሲጎርፍ እሷ ልጆቿን አሰልፋ ወደ ሆርማት ወንዝ ወሰደቻቸው። ልጆቹ አኩርፈዋል። ጥቂቶቹ መንገድ ላይ ሹልክ ብለው ወደ ፊልሙ ሮጡ፤ ጠራቻቸው እንጂ አልተከተለቻቸውም። የቀሩት አሸዋው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ተቀመጡ።

«እትዬ፣ አንቱ አይተውት የለም እንዴ?» አለች ሲቲ። «እኛ ስለምን እንከለከላለን?»

ታንጉት ስለዚያ ጢም ስለሌለው ልጅ፣ ስለ ኮዳውም ነገረቻቸው። ልጆቹ አንድ በአንድ ፊታቸውን መለሱ።

«ማን ቀበረው?» አለች ሲቲ።

«ማንም።»

«ቀብረውት ቢሆን ያስገቡን ነበር?»

«ምናልባት» አለች ታንጉት።

በሳምንቱ በመምህራን ስብሰባ ላይ ካሳ ግለ ሂስ እንድታቀርብ ጠየቃት። ታንጉት ተነሳች። «ግለ ሂስ የሚቀርበው ለጥፋት ነው። እኔ አላጠፋሁም» ብላ ተቀመጠች። ባልደረቦቿ መሬት መሬት አዩ። ካሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢደግምላት ያንኑ መለሰችለት፤ ያን ጊዜ ግን ሳትነሳ ነበር።

ብዙ ሳይቆይ ወደ ዋጃ ተዛወረች። ለመቀጣጫ መሆኑን ያላወቀ አልነበረም። ሳጥኗንና ፍራሿን እህል በጫነ መኪና ላይ አስጭና፣ ራሷ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣ ሄደች።

የዋጃው ርእሰ መምህር አስቀድሞ ወሬዋን ሰምቶ ነበር። ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ፣ «እዚህም ትእዛዝ ቢመጣ እንደዚያው ልታደርጊ ነው?» አላት።

«መጀመሪያ ፊልሙን አየዋለሁ» አለች ታንጉት። «ያው ዓይነት ከሆነ፣ አዎ።»

ርእሰ መምህሩ ጠመኔ ሰጣት። ክፍሏን ልታይ ወጣች።