አብሎ፣ አብላስ፣ አብላ

ከባቱ ወደ አዳማ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከእማማ ሸዋወርቅ ጎን የተቀመጠችው ሴት አንድ ጆሮዋ ላይ ኤርፎን ሰክታ ታነበንባለች። "አብሎ፣ አብላስ፣ አብላ።" ሻርፗ በወጉ ተተኩሷል፤ እግሯ ላይ ያለው ግን የአበባ እርሻ ቦቲ ነው፤ ጭቃው እንኳ አልደረቀም።

እማማ ሸዋወርቅ ግራ ገባቸው። ማንን ነው አብላ የምትለው? መቂን ሲያልፉ አላስችል አላቸውና ከዘንቢላቸው ዳቦ ቆርሰው ዘረጉላት።

"ርቦሽ ነው ልጄ? እንኪ፣ ብዪ።"

ሴትዮዋ አፍራ ሳቀች። ዳቦውን በሁለት እጇ ተቀበለች።

"ኧረ እማማ፣ ስፓኒሽ እኮ ነው! አብሎ፣ እናገራለሁ። አብላስ፣ ትናገሪያለሽ። አብላ፣ ትናገራለች። የሚለዋወጠው ጭራው ብቻ ነው።"

"ታዲያ ምኑ ቸገረሽ?"

"አንቱታው! አንቱ ለማለትም ልክ እንደ እሷ አብላ ነው አሉ። እኛ ሰው ስናከብር እንደ ብዙ ነው የምንቆጥረው። ፊት ለፊቴ ያለችን ሰው እንዴት እንደ ሌለች እሷ እላታለሁ?"

እማማ ሸዋወርቅ ይብስ ተወናበዱ። "ለመሆኑ ማንን ልታናግሪ ነው?"

ሴትዮዋ ስልኳን ከፍታ አሳየቻቸው። በሁለት ፈረንጆች መሀል አንዲት ጉብል ትስቃለች፤ ጥርሷ ልክ እንደ ሴትዮዋ ፍንጭት ነው።

"ነገ ትደውልልኛለች። አማርኛ አታውቅም። የማበላት ባጣ ገና ዳዴ ስትል ነው ለማደጎ የሰጠኋት።" ዳቦውን ሳትቀምሰው እጇ ላይ አገላበጠችው። "እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ እማማ፣ አንቺ ልበላት ወይስ አንቱ?"