አቶ በራሶ የመረጡልኝ ትምህርት ቤት

አቶ በራሶን እግዜር ይስጥልኝ፤ ከጭንቀት የገላገሉኝ እሳቸው ናቸው።

ዲላ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ካናዳ ለመሥራት እንደገና መማር ግድ ስለሆነ ሳመለክት ሁለት ትምህርት ቤቶች ተቀበሉኝ፤ አንዱ የፊታችን መስከረም፣ ሌላው ዘግይቶ ጥር ይጀምራል። አቶ በራሶ ከቡሌ የመጡ ገበሬ ናቸው። ጥርሳቸውን ነቅዬ ስጨርስ፣ መምረጥ እንዳቃተኝ አጫወትኳቸው። ጥጥ እንደነከሱ እጄን ከነጓንቴ ይዘው ጸሎት ጀመሩ። የሚሉት አይሰማም፤ ውጭ ወረፋ የያዘው ሰው ግን "አሜን!" ይላል። ዓይኔን ልጨፍን ልግለጥ ግራ ገባኝ።

በሳምንቱ የጸሎት ቤታቸውን ሰው በአይሱዙ ጭነው መጡ። ሁሉም ጉንጩን ይዞ ይወርዳል።

"ጌታ የቱን አለ?" አልኳቸው።

"ገና አልመለሰም ልጄ። እስኪመልስ የእነዚህን ንቀዪ።"

ጥር የሚጀምረውን መረጥኩ።