የእህቴን ባል በልቦለድ ስገድለው

የእህቴን ባል አሥራ ሰባት ጊዜ ገድዬዋለሁ፤ አንዱም አልጣመኝም። መርዝ ሰጠሁት፣ ከፎቅ ወረወርኩት፣ በመኪና ገጨሁት። ሥራዬ የሆቴል ልብስ መተኮስ ነው፤ ልብ አንጠልጣይ ልቦለዴን የጻፍኩት አንዱን አንሶላ አጥፌ ሌላውን እስክዘረጋ ነው።

በደሉን ልንገራችሁ። ሰውዬው ሁለት ዓመት ሙሉ በድብቅ የኔ ነበር። «ትንሽ ታገሺኝ» ሲለኝ ከርሞ፣ አንድ እሁድ ቤታችን መጥቶ ታናሼን ለጋብቻ ጠየቀ። እሷ ምንም አታውቅም። ብታውቅ እህቴን አጣታለሁ ብዬ፣ እርር ድብን እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት ዋጥ አደረግኩት።

ረቂቁን ያነበበው ጎረቤቴ መጽሐፍ ሻጩ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ሟቹ እንዲህ ከይሲ ከሆነ ማን ይሰጋለታል? አንባቢ በሞተልኝ ነው የሚለው። መጀመሪያ ውደጂው፣ ከዚያ ግደይው።»

ወይ ጉድ! እሱን መውደድ ለኔ አዲስ ትምህርት መስሎታል።

እሺ ብዬ ፊቱን ሲታጠብ የሚያንጎራጉረውን፣ ሲዋሽ የጆሮውን ጫፍ የሚነካካውን፣ ከብብቱ ሥር ያለችውን የቃጠሎ ጠባሳ ጨመርኩ። ሰውዬው ነፍስ ዘራ። ከዚያ ሊፍት ውስጥ ዘግቼ በሁለት ገጽ ጨረስኩት። እሰይ!

መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ የእህቴ ባል አንብቦ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጎበዝ ነሽ እኮ! ሟቹ አንጀቴን በላው።» ራሱን አላወቀም፣ ደንቆሮ! ንዴቴ ባሰብኝ።

በሦስተኛው ቀን እህቴ ሥራ ቦታዬ መጣች። መጽሐፉን መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ጠባሳው ያለበትን መስመር በጣቷ ነካች።

«እታለም፣ ይቺን የት አየሻት?»

ካውያውን አስቀመጥኩ። ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፤ አልሆነልኝም።

«ካንቺ በፊት፣ ሁለት ዓመት አብረን ነበርን» አልኳት። በገዛ እጄ እህቴን ቀበርኳት አልኩ በልቤ።

የአንሶላው ቅርጫት ላይ ተቀመጠች።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስትስቂልኝ?»

«ምን ላድርግ? እህቴ ነሽ።»

ገጾቹን ገለበጠች፣ ገለበጠች፤ ፖሊሶች ገዳይዋን ይዘዋት የሚሄዱበት ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ደግመሽ ስታሳትሚው እሷን እንዳትያዝ አድርጊያት» አለችኝ። «እሱን ደግሞ ቶሎ ገደልሽው።»