ከሸኮ በታች ያለው ኩርባ

አባቴ ዕድሜውን ከቴፒ ጅማ ቡና ሲያመላልስ የጨረሰ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ታላቅ ወንድሜ የእሱ ረዳት ነበር። እኔ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ለሚያወጡ ሰዎች ትምህርት እሰጣለሁ፤ የምንኖረው ሚዛን ከተማ ነበር። እናታችን ከሞተች በኋላ ቤታችን ውስጥ የሚወራው ስለ መኪና ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን በስድብ።

ወንድሜ ረዳት የሆነው የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሳይሳካለት ቀርቶ ነው። ጺም ያበቀለ፣ ትዳር የሚያስብ ሰው ነበር። አባቴ ግን እንደ ውሻ ነበር የሚያዘው። መኪናው ጭቃ ሲይዘው "ግባ!" ይለዋል፤ ወንድሜ በሆዱ ተኝቶ ጎማው ስር ድንጋይ ይጠቀጥቃል። ገና ሳይወጣ አባቴ ነዳጅ ይሰጣል። ጎማው ይሽከረከርና ጭቃውን ፊቱ ላይ ይረጨዋል። "አፍህን ዝጋ እንጂ!" ይልና ይስቃል።

ከዚህ በኋላ የሆነው እንዲገባ ስለ ዲፈረንሻል ትንሽ ማለት አለብኝ፤ ለተማሪዎቼም የምለው ይህንኑ ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የረዘመ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ በእኩል ከዞሩ መኪናው መታጠፍ ይከብደዋል። ዲፈረንሻል በመካከላቸው ተቀምጦ አንዱ እንዲፈጥን፣ ሌላው እንዲዘገይ የሚፈቅድ የባለ ጥርስ ብረቶች ስብስብ ነው። ችግሩ ጭቃ ላይ ነው፤ አንዱ ጎማ መንሸራተት ሲጀምር ጉልበቱ ሁሉ ወደሚንሸራተተው ይሄዳል፤ ጠንካራ መሬት የረገጠው ሥራ ፈቶ ይቆማል። ለዚህ ሲባል የአባቴ መኪና ሁለቱን ጎማዎች አንድ ላይ የሚይዝ መቆለፊያ ነበረው። ጭቃ ላይ ይቆለፋል፣ ከጭቃ ሲወጣ ይከፈታል። ካልተከፈተ ኩርባ ላይ መሪው ቢዞርም መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል።

ወንድሜ አንድ ቀን መክፈቱን ረሳ። መንገዱ ያኔ አፈር ነበር። አባቴ መሪውን ሰጥቶት አጠገቡ ተቀምጧል፤ እኔ ከትምህርት ቤት ለእረፍት ወጥቼ ከኋላቸው ሾፌር የሚያርፍበት አልጋ ላይ ነኝ። ከሸኮ አለፍ ብሎ ወደ ቴፒ የሚወርደው ኩርባ ላይ ወንድሜ መሪውን አዞረ፤ መኪናው አልዞረም። ሄዶ ከዳር ካለው የአፈር ግድግዳ ጋር ተላተመ። ማንም አልተጎዳም። የፊት መብራት ብቻ ተሰበረ።

የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በሰው ተሞልቷል። አባቴ ከወንበሩ ስር በወፍራም ጎማ የተሠራ አሮጌ የሞተር ቺንጋ አወጣና ወንድሜን ሸሚዙን አስወለቀው። ሰው ቆሞ ያያል። "አልቅስ! ካላለቀስክ አልተውህም" ይል ነበር እየገረፈው። ወንድሜ ጥርሱን ነክሶ ብዙ ቻለ። በመጨረሻ አለቀሰ። አባቴ ቺንጋውን ጠቅልሎ መለሰና መኪናውን ራሱ እየነዳ ወሰደን። ከዚያ በኋላ ለዓመታት እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኩን እያሳቀ ይናገረው ነበር፤ የወንድሜን አለቃቀስ እያስመሰለ።

ወንድሜ ረዳትነቱን ትቶ ቡና ንግድ ውስጥ ገባ፤ ተሳካለትም። አባቴ ጡረታ ወጥቶ ከእኔ ጋር መኖር ሲጀምር ወንድሜ አዲስ አበባ ሄዶ ከአንድ ነጋዴ ልጅ እጅ የስፖርት መኪና ገዝቶ መጣ። አራቱም ጎማዎቿ የሚጎትቱ፣ ዝቅ ያለች፣ ድምጿ ደረት ላይ የሚያርፍ መኪና ነበረች። ባጃጅና የቡና ጭነት በሚተራመስበት ከተማ ምን ታደርግለታለች ብለን ነበር። እሱ ግን የገዛት ለምን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

"የኋላው ዲፈረንሻል በኮምፒውተር ነው የሚታዘዘው" አለኝ። "መቼ እንደሚያዝና መቼ እንደሚለቅ ራሱ ያውቃል። ማንም አይገረፍም።"

አንድ ቀን ከአማን ወጣ ብለን መሪውን ሰጠኝ። ያን ቀን የተሰማኝን አልረሳውም። ተራ መኪና በፍጥነት ኩርባ ውስጥ ገብቶ ነዳጅ ሲጨመርለት አፍንጫው ወደ ውጭ ይሸሻል፤ ሾፌሩም ደንግጦ እግሩን ያነሳል። ይህቺ ግን ተገላቢጦሽ ነች። መሪው ምን ያህል እንደዞረ፣ እያንዳንዱ ጎማ ምን ያህል እንደሚፈጥን፣ መኪናዋ ወዴት እንደምታዘነብል ኮምፒውተሩ ያነባል፤ ከዚያ ውስጡ ያሉትን መያዣ ሳህኖች እያጠበቀና እያላላ ጉልበቱን ወደ ውጭኛው የኋላ ጎማ ይገፋል። ያ ጎማ ከኋላ ሲገፋ አፍንጫዋ ወደ ኩርባው ውስጥ ይገባል። ነዳጅ በጨመርኩ ቁጥር ይበልጥ ታጠፈች። አንድ ሰው ወገቤን ይዞ ወደ ትክክለኛው መንገድ የመለሰኝ ነበር የመሰለኝ። ሳቄ መጣ። ወንድሜም ሳቀ። "አየሽ? እግርሽን አታንሺ፤ ስትፈሪ ጨምሪ" አለኝ።

እሱ ይህንን ትምህርት እስከ አጥንቱ ተምሮት ነበር። ከሚዛን እስከ ቴፒ ባለው ኩርባ ሁሉ ሲፈራ መጨመር ለመደ።

በአንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ገና እርጥብ ሳለ ወደ ቤት መጣ። "አባዬ፣ ቴፒ ደርሰን እንምጣ" አለው። አባቴ ማላገጫ አላጣም። "ይህቺን ኤሊ ማን ይሳፈራታል" አለ። ግን ነጭ ጋቢውን ደርቦ ወጣ፤ መኪና ውስጥ ግባ ሲባል እምቢ ብሎ አያውቅም። ከፊት ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ።

ሸኮን እስክናልፍ ድረስ በደህና ነዳ። ኩርባው ጋ ሲደርስ ግን ፍጥነቱን ጨምሮ ገባ፤ መኪናዋም እንደ ልማዷ አንገቷን ወደ ውስጥ ሰብራ አለፈች። አባቴ የበሩን መያዣ በሁለት እጁ ጨመደደ። ወንድሜ ታች ወርዶ መኪናዋን አዞረና ዳገቱን ተመለሰ። ላይ ደርሶ እንደገና አዞራት።

"እዚህ ጋ ነው የገረፍከኝ" አለ።

"አውቃለሁ" አለ አባቴ።

"ተሳስቼ ነበር በለኝና ወደ ቤት እንሂድ።"

አባቴ ወደ መስኮቱ ዞረ። ወንድሜ ቁልቁል ለቀቃት። ሲወርድም ሲወጣም ያው ኩርባ ነው፤ ሁለቱንም በሙሉ ጉልበት። ደጋግሞ አመላለሰው። በእያንዳንዱ ዙር ዳገቱ ጫፍ ሲደርስ "በለኝ" ይላል፤ አባቴ ፊቱን ከመስኮቱ አይመልስም። የሽማግሌው አንገት እንደ ሕፃን አንገት ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ ነበር። በመጨረሻ ጋቢው ላይ አስመለሰው።

"አፍህን ዝጋ እንጂ!" አለ ወንድሜ።

"አቁምልኝ፤ እወርዳለሁ" ብዬ ጮህኩ።

"አንቺን ማን ነካሽ?"

"በመድኃኔዓለም፣ ሽማግሌ ነው!"

"እኔን ሲገርፈኝ ሽማግሌ አልነበረም።"

አባቴ አፉን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ በቀጭን ድምፅ መለሰለት፤ "የገረፍኩህ አንሶሃል።"

በዚህ ጊዜ ነው ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ ምልክት የበራው። በሁለቱ ትከሻ መካከል አጎንብሼ አነበብኩት፤ የኋላው ዲፈረንሻል ከመጠን በላይ ሞቋል ይላል። እነዚያ መያዣ ሳህኖች ሳያርፉ ሲፋተጉ ቆይተው ግለዋል። ኮምፒውተሩ እንዳይቃጠሉ ሲል ያላቅቃቸዋል፤ ከዚያ በኋላ መኪናዋ እንደ ማንኛዋም መኪና ናት።

"ሞቋል! አሁን እንደ ቅድሙ አትታጠፍልህም" አልኩት።

"አንቺ ለባጃጅ ነጂዎችሽ አስተምሪ።"

በዚያው ፍጥነት ገባ። መሪውን አዞረ፣ ነዳጁን ረገጠ። ከኋላ የሚገፋው እጅ አልመጣም። አፍንጫዋ ወደ ውጭ መሸሽ ጀመረች። እግሩን ቢያነሳ ኖሮ ምናልባት መንገዱን ትይዝ ነበር፤ እሱ ግን ፈርቷል፣ ሲፈራ ደግሞ ይጨምራል። የበለጠ ረገጠው። ቦዩን ዘላ ቡናው ውስጥ ገባች፤ አንድ ትልቅ የጥላ ዛፍ በአባቴ በኩል ያለውን በር ይዞ አቆማት።

ከሞተሩ ጭስ ይወጣል፤ ከቅጠሉ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ከዚያ አባቴ ጮኸ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሱ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። በሩ ወደ ውስጥ ተጨፍልቆ ጭኑን ከወንበሩ ጋር አጣብቆታል። በአካባቢው ቡና ሲለቅሙ የነበሩ ሰዎች እየሮጡ መጥተው በሩን በመጥረቢያና በእንጨት ፈልቅቀው አወጡት። ከእንጨትና ከጆንያ ቃሬዛ ሠሩለት። ከመካከላቸው አንዲት እናት ነጠላቸውን አውልቀው በሸኮኛ እያባበሉ ፊቱን ጠረጉለት።

ወንድሜ ግንባሩ ተፈንክቶ ቆሟል። መጀመሪያ ያየው የመኪናዋን አፍንጫ ነው። ከዚያ ወደ ቃሬዛው መጣና አጎነበሰ። የሚያዝን መስሎኝ ነበር።

"አሁንስ?" አለው።

አባቴ ከንፈሩ ነጥቷል። "አሁንማ ጭራሽ አልልም" አለ።

አማን ሆስፒታል ገባ፤ ከዚያ ወደ ጅማ ተላከ። አጥንቱ የተሰበረው ዳሌው ጋ ነው፤ በእሱ ዕድሜ ተመልሶ የሚቆም አልሆነም። ተሸክመን ወደ ቤት መለስነው።

አንድ የትራፊክ ፖሊስ ቃል ሊቀበል መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ቆቡን አውልቆ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። ወንድሜ በር ላይ ቆሟል።

"አባባ፣ ልጅዎ ስነዳ አባቴ በድንጋጤ መሪውን ያዘብኝ ብሎ ነው ቃል የሰጠው። እውነት ነው?"

እኔ ይህንን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ወንድሜን አየሁት፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። አፌን ልከፍት ስል አባቴ እጁን አንስቶ አስቆመኝ።

"እውነት ነው" አለ። "እኔ ነኝ የያዝኩበት። ልጄ ጥፋት የለበትም።"

ፖሊሱ "እግዚአብሔር ይማርዎት" ብሎ ሄደ። ወንድሜም ተከትሎት ወጣ። አባቴን ለምን እንደዋሸ ጠየቅሁት።

"እሱ ከታሰረ ማን ያገላብጠኛል?" አለ። "አንቺ አቅም የለሽም።" ከዚያ ትንሽ ፈገግ አለ፤ ከአደጋው ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። "ደግሞ ከእንግዲህ በእጄ ነው።"

እንዳለውም ሆነ። ወንድሜ ጠዋት የቡና ሱቁን ሳይከፍት፣ ማታ ከዘጋ በኋላ እየመጣ አባቴን ያነሳል፣ ያጥባል፣ ጨርቁን ይቀይራል። አባቴ በእያንዳንዱ ነገር እንከን ያወጣል። "ቀስ! ጆንያ ነው እንዴ የምትጭነው?" "ውሃው ቀዘቀዘ።" "ሽታው አስጠላህ? ሽተት!" ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ ደግሞ ድምፁን ያለሰልሳል። "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መሪውን ይዤበት፤ ልጄ እንዲህ እየጦረኝ" ይላል፣ ዓይኑን ከወንድሜ ላይ ሳይነቅል። ሰዎቹ ወንድሜን ይመርቁታል። እሱ እየተመረቀ አንገቱን ይደፋል።

ወንድሜም ዝም አላለም። እንግዳው ሲወጣ ውሃውን እንዲያቃጥል አድርጎ ያመጣ ነበር። ሲያገላብጠው በተሰበረው በኩል ያሳርፈዋል። አባቴ እንዳይጮህ ትራሱን ይነክሳል፤ ከጮኸ ወንድሜ ደስ እንደሚለው ያውቃልና። አንድ ጠዋት ሁለቱን በበሩ ክፍተት አየኋቸው፤ ፊት ለፊት ሆነው፣ ሁለቱም አልቧቸው፣ ሁለቱም ጥርሳቸውን ነክሰው። በሩን ከፍቼ ገባሁና የውሃውን ሳህን ከወንድሜ እጅ ቀማሁት።

"ከእንግዲህ እኔ አጥበዋለሁ፤ አንተ ሂድ" አልኩት።

መልስ የሰጠኝ አባቴ ነው። "አንቺ ምን አገባሽ?" አለ። "ውጪልን።"

ወንድሜ ሳህኑን ከእጄ መልሶ ወሰደ። በአንድ ነገር ሲስማሙ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቴፒ ላይ አስተማሪ እንደሚፈለግ ሰምቼ ሄድኩ። ሙቀቱ የሚከብድ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ጎረቤቶቻችን "የታመመ አባቷን ጥላ ሄደች፤ ምን ዓይነት ጨካኝ ናት" ማለታቸው ደርሶኛል። ወንድሜ አሁን ጭራሽ ጓዙን ጠቅልሎ እኔ የለቀቅሁት ቤት አባቴ ጋ ገብቷል። ሁለቱም ይደውሉልኛል። አባቴ "ዛሬ በሻካራ ጨርቅ አሸኝ" ይለኛል፤ ወንድሜ "ዛሬ ያጎረስኩትን ፊቴ ላይ ተፋብኝ" ይለኛል። ስልኩን አነሳለሁ፤ እስኪጨርሱ አዳምጣለሁ። ነይ ሲሉኝ ግን ሥራ አለኝ እላለሁ፤ አልሄድም።