ቅቤ ሻጭ ዘይት ስትመርጥ

ሠላሳ ዓመት ቡታጅራ ገበያ ቅቤ ሸጫለሁ። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ እንደተዳርኩ ከአማቴ የተረከብኩት ሥራ ነው። ቅቤ የሚታወቀው በአፍንጫ ነው። የተጠቀለለበትን ኮባ ገለጥ አድርጌ ሳሸተው የስንት ቀን እንደሆነ፣ ሙዝ ተለውሶበት እንደሆነ እናገር ነበር። ከመስቃን ገጠር ቅቤ ይዘው የሚመጡት ሴቶች እኔ ጋ ሲደርሱ፣ "እሷ ዘንድ ያደረ እንዳታወጪ፣ ታዋርድሻለች" ይባባሉ ነበር።

በዚህ አፍንጫ ተማምኜ ነው የተሳሳትኩት።

ባለፈው ዓመት ባለቤቴን ደረታቸውን አመማቸው። ወልቂጤ አብረን ሄደን ተመረመሩ። ሐኪሙ ውጤቱን ሲያገላብጥ ቆይቶ ቅቤ እንዲተዉ አዘዘ። የሚረጋ ዘይትም ይቅር፣ ከተገኘ የአቮካዶ ዘይት ጥሩ ነው አለን። ሚኒባሱ ቡታጅራ ሲገባ ባለቤቴ፣ "ቅቤ ሻጭ አግብቼ ደረቅ ጎመን ልበላ" አሉ።

የቀለዱ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሰሃን መግፋት አመጡ። ጎመኑን በውሃ ብቻ ባበስለው ሁለት ጉርሻ፣ ሽሮ ብሠራ ሦስት፣ ከዚያ "ጠገብኩ"። መድኃኒቱ ደግሞ በባዶ ሆድ አይወሰድም ተብሏል። አንድ ቀን ጠዋት ቀበቷቸውን በሚስማር ሲበሱ በበሩ በኩል አየኋቸው። ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ።

መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሱቅ ሳሙናና ቅባቱን ከምግብ ዘይቱ አጠገብ ነው የሚደረድረው። የአቮካዶ ዘይት ስላት ሻጯ ደንበኛ በዝቶባት፣ "እዚያ አለልዎት እማማ፣ ይምረጡ" ብላ በእጇ አመለከተችኝ። ለማሳያ የተከፈቱ ሦስት ጠርሙሶች ነበሩ። መነጽሬን ቤት ትቼዋለሁ። ተራ በተራ አሸተትኳቸው። አንደኛው ምንም አይሸትም። ሁለተኛው እንደ ታጨደ ሣር ነው። ሦስተኛው ቤቱን ያውዳል። ጥሩ ቅቤ ያውዳል፤ ስለዚህ ሦስተኛውን ገዛሁ።

ቤት ገብቼ ጎመን ክትፎ ሠራሁ። ጎመኑን ቀቀልኩ፣ ጨመቅኩ፣ በቢላ አድቅቄ ከተፍኩ፣ ዘይቱን አሙቄ ለወስኩበት። ዘይቱ ሲሞቅ ሽታው ኩሽናውን አልፎ በረንዳው ላይ ደረሰ። ጥርጣሬ ገባኝ፤ ቢሆንም አቀረብኩ። ባለቤቴ ሰሃኑን ወደ ፊታቸው አንስተው አሸተቱና ቀና አሉ።

"ይህን ጎመን ለማን ነው የምትድሪው?"

ከሕመሙ ወዲህ ሲስቁ ያኔ ነው ያየኋቸው። ግን አልበሉም። መነጽሬን አድርጌ ጠርሙሱን አነበብኩ። ለፀጉርና ለቆዳ ብቻ ይላል፤ ሽቶ እንደገባበትም ተጽፏል።

"አሥረኛ ክፍል ድረስ ያስተማሩሽ ሰዎች ይህን ባልሰሙ" አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ሱቅ ሄድኩ። ሻጯ አፏን በእጇ ያዘች። "ውይ እማማ፣ በላችሁት እንዴ?"

"ሸተተን እንጂ አልበላነውም።"

ወንበር ሰጥታኝ አስረዳችኝ። ሽታ የሌለው ነጣ ያለው የተጣራ ነው፤ ብዙ እሳት ስለሚችል ለመጥበሻ ይሆናል። አረንጓዴው፣ ሣር ሣር የሚለው፣ ሳይጣራ እንደተጨመቀ የታሸገ ነው። ለምግብ ተብሎ የተሠራ መሆኑና ሌላ ነገር እንዳልተጨመረበት ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈ፣ ድስትም ውስጥ ይገባል፣ ፊትም ይቀባሉ። ሽቶ ያለበት ግን ከኩሽና ይራቅ አለችኝ። አረንጓዴውን እጄ ጀርባ ላይ ጠብ አድርጌ አሸሁት። ሳይጣበቅ ወደ ቆዳዬ ገባ። የከረመ ቅባት ጠረን አልነበረበትም። መደርደሪያው ላይ ያለው ጠርሙስ ፀሐይ ስለሚያርፍበት ከካርቶን ውስጥ እንድታወጣልኝ ነገርኳት፤ የተመረተበትንም ቀን አይቼ ተቀበልኩ።

"እርስዎስ ነጋዴ ነዎት" አለችኝ።

"ነበርኩ" አልኳት።

ሐኪሙ የከለከለው ቅቤ ነው፤ የቅቤውን ቅመም አልከለከለም። በማግስቱ ጠዋት አረንጓዴውን ዘይት ድስት ውስጥ አድርጌ በትንሽ እሳት ጣድኩት። ቅቤ ስናነጥር እንደምናደርገው አላንተከተክሁትም። ሞቅ ሲል ኮሰረትና የተፈጨ ኮረሪማ ጨምሬ አውርጄ ከደንኩት። ቅመሙ እስኪገባው ድረስ ራሴን ታጠብኩ። ሽቶ ያለውን ዘይት መጣል አሳዝኖኝ ስለነበር ፀጉሬ ሳይደርቅ ጥቂት ጠብታ ቀባሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ቅቤ አናቴ ላይ ከምሬ ነው የኖርኩት፤ ይሄ አንገቴ ላይ አልወረደም፣ ነጠላዬንም አልነካም። ባለቤቴ በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም ብለው አሸተቱ።

"ጎመኗ ተነሥታ ትሄዳለች እንዴ?"

አልከፋኝም።

ለምሳ ዘይቱን አጥልዬ አዲስ ጎመን ለወስኩበትና ከቆጮ ጋር አቀረብኩ። ሳይቀምሱ አሸተቱ።

"ቅቤ ነው?"

"አይደለም።"

"ኮሰረቱስ?"

"እሱ ኮሰረት ነው።"

ቆጮውን ቆረስ አድርገው ጀመሩ። ሲበሉ ማየት አልፈለግኩም። ካየኋቸው ያቆማሉ ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼ ድስቱን ማጠብ ያዝኩ። ከታጠበም በኋላ ደግሜ አጠብኩት። ከኋላዬ የሚሰማው ቆጮ ሲቆረስ ብቻ ነበር።

"ቅቤ አይሆንም" አሉ በመጨረሻ።

"አይሆንም" አልኩ።

"ነገ ግን ኮረሪማውን ጠንከር አድርጊው።"

ዞር ስል መድኃኒታቸውን ለመዋጥ ውሃ እየቀዱ ነበር። የቀረኝ ኮረሪማ ለነገ አይበቃም፤ ገበያው ሳይበተን ልደርስ ነጠላዬን አነሣሁ።