መግቢያን በጣት ማንበብ

እማማ ቁልፌ መንገዱ ጥግ ባለችው ጠባብ ሱቃቸው ቁጭ ብለው ቁልፍ ሲቀርጹ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ዛሬ መታወቂያቸው ላይ ባለው ስም ቢጠሯቸው ዞረው እንኳ አያዩም። ከጀርባቸው ግድግዳው ሙሉ ጥሬ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ጥርስ ያልወጣለት፣ ገና ያልተቀረጸ።

ሰው መጥቶ «እማማ፣ ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ አልገባ አለ» ሲላቸው ፊታቸው ይቀየራል።

«ቀዳዳማ ወንፊትም አለው! ይሄ መግቢያ ነው የሚባለው።»

ከዚያ ደንበኛው ቸኮለም አልቸኮለም ትምህርቱ ይቀጥላል። መግቢያ ማለት ባዶ ስንጥቅ አይደለም። ውስጡ ግራና ቀኝ ቀጫጭን መስመሮች ወጣ ወጣ ብለዋል፤ የቁልፉ ጎን ላይ ደግሞ ለእነዚያ ማለፊያ የሚሆኑ ቦዮች አሉ። ሁለቱ ካልተገናኙ ጥርሱ የቱንም ያህል ቢያምር ቁልፉ አፉ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ቁልፍ ሠሪ ከቁልፍ ሠሪ ጋር «መግቢያው የግራ ነው ወይስ የቀኝ?» ይባባላል፤ ጥሬ ቁልፍ የሚመረጠውም በዚህ ነው።

«መጀመሪያ መግባት፣ መክፈት ከዚያ ወዲያ» ይላሉ እማማ ቁልፌ። «ሥራ ፍለጋ ስትሄዱም እንዲሁ ነው። አለቃው ጋ ከመድረሳችሁ በፊት በር ላይ ያለው ዘበኛ አለ።»

ጣጣው የመጣው ከዓይናቸው ነው። የግራና የቀኝ መግቢያ እንደ ግራና ቀኝ ጫማ ናቸው፤ ተመሳስለው ይለያያሉ። ባለፈው ወር ለአንዲት አስተማሪ ቁልፍ ሲሠሩ የቀኙን መስሏቸው የግራውን ጥሬ ቁልፍ አነሱ። አልገባ ሲል ተሳስቻለሁ ማለት ሞት ሆነባቸውና ጎኑን በሞረድ አቀጥነው በግድ አስገቡት። ገባ፤ ዞረም። በሳምንቱ የቀጠነው ቁልፍ እበሩ ላይ ተሰብሮ ቀረና አስተማሪዋ መንታ ልጆቿን ይዛ ዝናብ ላይ ቆመች። እማማ ቁልፌ ይህን ሲሰሙ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ወደዱ።

ነርሷ ልጃቸው ወሬው ደርሷት መጣች።

«በቃሽ እማዬ። ዓይንሽ ደክሟል። ሱቁን ዝጊና እኔ ጋ ኑሪ።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው አልዘጋም!»

«እሱማ ወደዚያው እየሄደ ነው» አለች ልጅቷ። ሁለቱም ሳይወዱ ሳቁ።

በመጨረሻ ተስማሙ። ልጅቷ ከወር በኋላ ሦስት የበር ቁልፎች ከነጋናቸው፣ መግቢያው ካለበት ብረት ጋር፣ ይዛ ትመጣለች። እናቷ ለሦስቱም ቅጂ ከሠሩ ዳግመኛ አፏን አትከፍትም፤ አንዱ እንኳ ከቀረ ሱቁ ይዘጋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና እማማ ቁልፌ ቃላቸውን ሰጡ።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። ሴትየዋ በየማለዳው ዓይናቸውን በሻሽ አስረው ይቀመጡ ጀመር። ጣት መግቢያ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ ከቆርቆሮ ስስ ዘንግ ቆርጠው በእሷ ይዳስሳሉ፤ ከዚያ የጥሬ ቁልፎቹን ቦይ በጥፍራቸው እየተከተሉ ጓደኛውን ይፈልጋሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ከአሥሩ ስድስቱን ሳቱ። ሻሹን ፈትተው ያዩና፣ ይረግሙና፣ መልሰው ያስራሉ። በአራተኛው ሳምንት መሳት ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ መጣች። ወጣ ብለው ሻይ አዘዙላት፤ ጠጡና ሥራ ተጀመረ። የመጀመሪያውን ዳሰሱ፤ «ቀኝ ላይ ሁለት፣ ግራ ላይ አንድ» ብለው ከግድግዳው አንድ ጥሬ ቁልፍ አወረዱ። ገጠመ። ሁለተኛውም ገጠመ። ሦስተኛው ላይ ግን እጃቸው ቆመ። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በጥፍራቸው ፈተሹ፤ ደገሙት። አንድ ብቻ ቀረብ የሚል አገኙ፤ እሱም በፀጉር ስፋት አልገባ አለ። ሞረዱ ጉልበታቸው ሥር ነው።

«ትንሽ ብትሞርጂው አይገባም?» አለች ልጃቸው ለስለስ ባለ ድምፅ።

እማማ ቁልፌ ሞረዱን አነሱት። ሠላሳ አንድ ዓመት በዓይናቸው ፊት ሄደ። ሱቃቸውን ይወዱታል፤ የልጃቸው ቤት ሳሎን ጥግ ላይ ተጎልተው መዋልን ደግሞ እንደ እስር ነው የሚፈሩት።

«ይገባል። ይዞራልም» አሉ። «ከዚያ ሰው ደጁ ላይ ይቀራል። የዚህ መግቢያ ጥሬ ቁልፍ የለኝም። ነበረኝ፣ ግን የለም። ተሸንፌያለሁ፤ ሱቁን እዘጋለሁ። ይሄን ግን አልሞርደውም!»

ሞረዱን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።  ልጅቷ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ጥሬ ቁልፍ እናቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠች።

«ሻይ ልታዢ ስትወጪ ከግድግዳሽ ላይ አንስቼው ነው» አለች። «ማየት አለማየትሽን አልነበረም ማወቅ የፈለግሁት፤ እንደገና ሞርደሽ በግድ ታስገቢው እንደሆን ነው።»

እማማ ቁልፌ በጥፍራቸው ቦዩን ተከተሉት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ደግሞ በንዴት ጉንጫቸው ቀላ።

«አንቺ ሌባ! የሠላሳ አንድ ዓመት ሱቄን ልታዘጊኝ? በይ ቁጭ በይ፤ ጥርሱን ሳላወጣለት አትሄጂም።»